የሐይቅ ዳር ቤት በመስከረም ነው የሚታየው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ባሕር ዳር ውሃ ዳር ሰፈሮች ነው። በወደቡ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አካባቢ ቤት ልትከራዩ፣ ልትገዙ ወይም ልትሠሩ ካሰባችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሐይቁ ያምራል፣ ማን ይክዳል። ግን የእኛ ሰው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያለው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ግድግዳንም፣ ወለልንም፣ የሽንት ቤት ጉድጓድንም እያሳሳቀ ይወስዳል።

ሰፈሩ ለምን እዚህ ተተከለ? ለውሃው ነዋ። ፋብሪካው በ1961 እ.ኤ.አ. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተቋቋመ። ጨርቅ ማንጣትና ማቅለም ውሃ የሚጠጣ ሥራ ነው፤ አንድ ኪሎ ጨርቅ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከወንዙ አፍ ርቆ የሚተከል ነገር አልነበረም። በ1963 ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ፣ በ1964 ጢስ ዓባይ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሥራ ጀመረ፣ ሠራተኛው መጣ፣ የጭቃ ቤቱ በየአቅጣጫው በቀለ። ፋብሪካ ውሃ ፈልጎ ዝቅ ያለ ቦታ ይመርጣል፤ የሚኖርበት ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነበር የሚፈልገው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚች ልዩነት ነው።

አሁን ሐይቁን እንይ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ትሪ በሉት። ትሪ ላይ ትንሽ ውሃ ሲጨመር ጠርዙ ሩቅ ይሄዳል። በዓመት ውስጥ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድረስ ወደ 1.6 ሜትር ይለዋወጣል፤ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው። ከፍ የሚለው መቼ ይመስላችኋል? ሐምሌና ነሐሴ የሚል ይበዛል። አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ያመጡትን እየገፉ ያስገባሉ፣ የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ አደይ አበባ ፈክቶ እያለ ከወለላችሁ ሥር ያለው ውሃ ገና ከፍ እያለ ነው።

ደላላው ታዲያ ቤቱን የሚያሳያችሁ በግንቦት ነው። ወለሉ ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ። እኔ በግንቦት የታየን የሐይቅ ዳር ቤት እንዳልታየ ነው የምቆጥረው።

«እዚህ ውሃ መጥቶ አያውቅም» የሚላችሁም አይጠፋም። በየትኛው ዓመት? ብላችሁ ጠይቁት። ጨረጨራ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሁለት በር ያለው መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የዝናቡ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ የበሮቹም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆሙ፣ የደረቀው ዳርቻም ታረሰ። በኋላ ውሃው ወደ ቦታው ተመለሰ። የዚያን ዓመት ዳርቻ እያስታወሰ የሚመሰክር ሰው አይዋሽም፣ ግን አያድናችሁም።

እሺ፣ ወደ ግድግዳው። ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ ተላልጦ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበት ካያችሁ፣ ያ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ዱቄቱ ጨው ነው። ውሃው በግድግዳው ቀዳዳዎች እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ ይወጣል፣ ፊቱ ላይ ይተናል፣ ጨውን ትቶት ይሄዳል። ብዙ ሰው ወዲያው በስሚንቶ ይለስነዋል። ይኼ ነው ትልቁ ስህተት። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ስሚንቶው አፉን ይዘጋዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከልስኑ በላይ ይወጣል፣ ጉልበት ላይ የነበረው ትከሻ ይደርሳል፣ ውስጥ ያለው እንጨትም ሳይታይ ይበሰብሳል። የተሻለው የስሚንቶ ልስኑን ከእርጥበቱ በላይ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ አራግፎ፣ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኖ መተው ነው። መልኩ እንደ ስሚንቶ አያምርም። ይሁን።

እርጥበቱ ከመሬት ይሁን ከአየር ለመለየት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ከ48 ሰዓት በኋላ ከላስቲኩ ሥር ጠል ከታየ ከመሬት ነው፣ ከላይ ከታየ ከአየር ነው። ከአየር ከሆነ መስኮት መክፈት ይፈታዋል፤ ከመሬት ከሆነ መስኮት ምንም አያደርግም።

አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ፣ ግድግዳው ከመጀመሩ በፊት፣ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። መገጣጠሚያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ከውጭው መሬትም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ይኼን በደንብ ሠርቶ በኋላ የሚያበላሽ አለ። እንዴት? ግቢው ጭቃ ሆነ ብሎ ገረጋንቲ ያስደፋል፣ መንገዱም ኮብልስቶን ይነጠፍበትና ከፍ ይላል፤ መሬቱ ላስቲኩን አልፎ ግድግዳውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቤት ካያችሁ፣ ኪራዩ ለምን እንደረከሰ ገባችሁ ማለት ነው።

አሸንዳ የሌለው ቤትስ? ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 2,400 ሊትር ውሃ ግድግዳው እግር ሥር ይፈስሳል፤ በአንድ ከሰዓት። አሸንዳ ሰቅላችሁ ወደ ሮቶ አስገቡት፣ የሞላውን ቢያንስ ሁለት ሜትር ከግድግዳው አርቁት። ጣና ጨው ስለሌለው ቆርቆሮ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ቶሎ አይዝግም፤ ለዚህስ ተመስገን ነው።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቤቱን ያነሳዋል ያወርደዋል። በበርና በመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ምልክቱ ነው። ግንበኞች ዋልካውን ቆፍረው አውጥተው ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ይሞላሉ፤ በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር እያጠጡ እየጠቀጠቁ። እዚህ ላይ የሚረሳው፣ በዋልካ መሃል የተሞላ ሰሌክት ገንዳ ይሆናል። ዙሪያው ውሃ አያሳልፍም፣ መሃሉ ያስገባል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር የሚያዘቀዝቅ የስሚንቶ መሄጃ የግድ ነው። ባሕር ዛፍም ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ ዋልካውን እየመጠጠ ያደርቀዋል።

ሰው የማይጠይቀው፣ ገንዘብ የሚበላው ግን ሽንት ቤቱ ነው። ደጋ እንዳለው ሰው ሦስት ሜትር ያስቆፍራል። በመስከረም የከርሰ ምድሩ ውሃ አንድ ሜትር ላይ ከሆነ ሁለት ሜትሩ ውሃ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሞላ ይባላል፣ የመምጠጫ መኪና ይጠራል፣ ይከፈላል፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ይሞላል። የመጠጠው እኮ የሐይቁን ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የጉድጓዱ ሆድ ከከፍተኛው የውሃ ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ መቆየት አለበት፤ ይኼ ማለት ጥልቀቱን ቀንሶ ስፋቱን መጨመር፣ ሽንት ቤቱንም ደረጃ ሠርቶ ከፍ ማድረግ ነው። ያ ካልተቻለ ውሃ የማያስገባ የማያስወጣ ድፍን ታንከር ይሠራል፣ በጊዜው ይመጠጣል።

ድፍኑም መዘዝ አለው። ውሃ ውስጥ ያለ ባዶ ታንከር ጀልባ ነው። 2 በ3 ሜትር ስፋት ያለው ታንከር 1.5 ሜትሩ ከውሃ በታች ቢሆን 9 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሙሉ ሲሆን የውስጡ ክብደት ይይዘዋል። በመስከረም አንጠፍጥፋችሁ ስታስመጥጡት ግን በቀላል ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ይነሳል፣ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ይቆረጣል። ሮቶ የሚቀብር ደግሞ ይብስበታል፤ 2,000 ሊትር ባዶ ሮቶ ሁለት ቶን ገደማ ሲገፋው የራሱ ክብደት ምንም ማለት አይደለም፣ እንደ ታንኳ ብቅ ይላል። ስለዚህ የምታስመጥጡት በሚያዝያና በግንቦት ይሁን። ውሃው ከፍ ባለበት ወቅት ግድ ከሆነ አንጠፍጥፋችሁ አታስመጥጡት።

የጉድጓድ ውሃስ? ከሽንት ቤት 30 ሜትር ይራቅ ይባላል። ጥሩ። 10 በ20 ሜትር ግቢ ውስጥ 30 ሜትር ከየት ይመጣል? የጎረቤትም ጉድጓድ አለ። ለእኔ የዚህ ሰፈር የጉድጓድ ውሃ የወለልና የልብስ ነው። ግድ ሆኖ ከተጠጣ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይበቃል፣ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ። በበረኪና ከሆነ፣ 5 በመቶ የሆነውንና ሽቶ የሌለውን፣ ለሊትር ሁለት ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስታሸቱት የበረኪና ሽታ በትንሹ መቅረት አለበት፤ ከሌለ አንድ ጊዜ ድገሙና ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ በረኪናውን ይበላዋል፣ መጀመሪያ አስቀምጣችሁ አጥልሉ፣ ከዚያም ጠብታውን እጥፍ አድርጉ። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ጉልበት የለውም። ማፍላት ግን ኬሚካልና ናይትሬት አያወጣም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል፤ ለጨቅላ ሕፃን ወተት መበጥበጫ የጉድጓድ ውሃ አይሁን።

ዳርቻው ላይ ባዶ እግር አትግቡ፣ ልጆችንም አታስገቡ። ቢልሃርዝያ አለ፤ ከውሃ ቀንድ አውጣ የሚወጣ ትል በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ ነው። ቀንድ አውጣው ትሉን በብዛት የሚለቀው ፀሐይ ሲበረታ ነው፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ወዲያ። ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ ለገላ ከሆነ ሁለት ቀን ተከድኖ ይቀመጥ፤ ትሉ ሰው ካላገኘ ይሞታል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ አንድ ሳምንት ሊበቃት ስለሚችል በየሳምንቱ የተጠራቀመ ውሃ ይደፋ፣ አጎበሩ ደግሞ ማታ ለአልጋ እንጂ ለአጥር አይደለም። ዓባይ አፍ አካባቢ ከመሸ በኋላ ሣር የሚግጥ ጉማሬ ካያችሁ በእሱና በውሃው መሃል አትቁሙ።

ጓሮ ላይ ጎመን ለምትተክሉ ደግሞ፣ መሬቱ ድሮ ጋራዥ፣ ባትሪ መጠገኛ ወይም የፋብሪካ ጥራጊ መጣያ ከነበረ ቅጠልና ሥራ ሥሩን ተዉት። ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን፤ ማንጎና ፓፓያ የተሻሉ ናቸው። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ በሚያልፍበት ቦይም አታጠጡ። ቀለሙ ዓይን ይስባል እንጂ ዋናው ጉዳይ ሶዳውና ጨው ነው፤ ሶዲየም ሸክላ አፈርን ይዘጋዋል፣ ውሃ ከላይ ይተኛል፣ ሥሩ ይታፈናል።

እና አሁን ፈተናው። ከመስቀል ማግሥት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ግቢው ዝቅ የሚልበት ጥግ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሩ። ዝናብ እንዳይገባበት በቆርቆሮ ክደኑት፣ አፉ ዙሪያ አፈር ከምሩ። በማግሥቱ ሜትሮ አስገብታችሁ ከመሬት እስከ ውሃው ስንት እንደሆነ ለኩ፤ ዋልካ ውሃ በቀስታ ስለሚለቅ በሦስተኛው ቀን ድገሙት። ውሃ ከሌለ ቤቱን ያዙት። ውሃው ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ከታየ ስለ ሽንት ቤቱ ተደራደሩ። ከ50 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ከታየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገባም። ካርታውንም በዚያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ወስዳችሁ ቦታው የሐይቁ ዳርቻ ጥብቅ ክልል ውስጥ አለመግባቱን አረጋግጡ። ጉድጓዱን ደግሞ ለክታችሁ ስትጨርሱ ያንኑ ቀን ድፈኑት፣ ልጅ ይገባበታል።