ከንፈሬ ደንዝዟል፣ ጥርሴ ግን ያመኛል! ለምን?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ ከጎንደር እንደምን አላችሁ! ዛሬ ስለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝ ስለሚያድር መንጋጋ እናወራለን። ሄዳችሁ ትወጋላችሁ፣ ከንፈራችሁ ድንዝዝ ይላል፤ መሰርሰሪያው ሲነካው ግን... ወይኔ! ማደንዘዣው የት ገባ?

ፋሲል ግቢን አስቡልኝ። ክረምት ነው፣ ሰው ሁሉ ዣንጥላ ይዟል። በሩ ደግሞ ጠባብ ነው እንበል፤ ዣንጥላውን ያጠፈ ብቻ ያልፋል። ሰዎቹ ሊዶካይን፣ ማለትም የማደንዘዣው መድኃኒት ናቸው። በሩ የነርቩ ሽፋን ነው። ዣንጥላው? ሊዶካይን ላይ የሚለጠፈው ሃይድሮጂን! በጤናማ ሥጋ ከ100 ሊዶካይን 25 ያህሉ ዣንጥላቸውን አጥፈዋል፤ እነሱ ሲገቡ ሌሎቹም እያጠፉ ይከተላሉ። የተቆጣ ሥጋ ግን አሲድ ይበዛበታል። አሲዱ ዝናቡ ነው። ዝናብ እየወረደ ማን ዣንጥላ ያጥፋል? አሲዱ 10 እጥፍ ሲጨምር ያጠፉት 3 ገደማ ብቻ ይሆናሉ፤ ሌላው ደጅ ቀረ! እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ያለፉት ውስጥ ሲገቡ መልሰው ይዘረጉታል። የሕመሙ መልእክት በነርቩ እንዲሄድ የሚያደርገውን የሶዲየም መተላለፊያ የሚዘጋው ያ የተዘረጋው ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ፒኬኤ 7.9 የምትሉት ይኸው ነው።

ቆይ ግን፣ ለታችኛው መንጋጋ መርፌው የሚወጋው ከጥርሱ ርቆ፣ ዝናብ በሌለበት ነው። እዚያ ችግሩ ነርቩ ራሱ ነው፦ ሥጋ ሲቆጣ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል ያስቆጣዋል፣ ለሊዶካይን የማይበገሩ መተላለፊያዎች ይበዙበታል። እንለፍ።

አሁን ስንቶቻችሁ የጠየቃችሁኝ፦ «አሞክሳሲሊን ውጬ ብሄድስ?» አይሆንም! ደግሜ ልበል፣ አይሆንም። ነርቩ ተቆጥቶ ለሚጠዘጥዝ ጥርስ አንቲባዮቲክ ሕመሙን አይቀንስም። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ሐኪም ያዛል። ከፋርማሲ ለጎረቤት የታዘዘውን ስም ጠርቶ መግዛት ግን፣ በእናታችሁ፣ ይቅር። ለእናንተም አይጠቅም፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምዳል። ይህችን ክፍል ቤት ላሉት ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።

የሚያግዘው ኢቡፕሮፌን ነው። ከሕክምናው 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰድ የመርፌውን የመሥራት ዕድል ከፍ ያደርጋል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትነኩት።

ሐኪሙስ? ፋሲል ግቢ 12 በር አለው፤ አንዱ እምቢ ሲል በሌላው ነው። ጥርሱ አጠገብ አርቲኬይን የተባለ ሌላ ማደንዘዣ ይጨምራል፣ ጥርሱን በያዘው ጅማት በኩል ይወጋል፣ ወይም አጥንቱ ውስጥ። ከመሰርሰሩ በፊትም ጥርሱን በቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ይፈትን፤ የከንፈር መደንዘዝ ለጥርሱ ምስክር አይሆንም። ካመማችሁ እጃችሁን አንሡ። «ቻል አድርገው» ሕክምና አይደለም፤ ተጨማሪ ማደንዘዣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ነርቩ እንዴት እንደሚታከም በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።