የላዳዬ የፊት እግር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ላዳዬ የፊት እግር፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር ስለሚያያይዘው ክፍል ላወራችሁ ነው። ብዙ ያስተማረኝ ሥራ ነው።

ላዳ 2101 ከፊያት 124 የመጣች መኪና ናት። ፊያቷ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣች፤ ላዳዋ በ1970 ተከተለች። ለመጥፎ መንገድ ተብሎ ከመሬት ከፍ ተደረገች እንጂ የፊት እግሯ አሠራር ብዙም አልተለወጠም። በየጎኑ ከላይና ከታች ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዝ የብረት ክንድ አለ። መሃል ላይ ሞላና አሞርዛተር፣ ጫፍ ላይ ባል ጆይንት፣ ማለትም በየአቅጣጫው የሚዞር መገጣጠሚያ። ብራቾዎቹ የሚታሰሩት ደግሞ በጎሚኒ፣ ማለትም መሃሉ ብረት ባለው ላስቲክ ነው።

የኔዋ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስብ ነበር። እኔም ቀድሜ የሮጥኩት አሞርዛተር ልገዛ ነው። ጠንካራውን መርጬ አስገባሁ። መኪናዋ ደረቀች እንጂ መሳቧን አልተወችም።

የታችኛውን ብራቾ ሳወርድ ነገሩ ገባኝ። ጎሚኒው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። መሃሉ ላይ ያለውን ብረት በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ሄደ። ደህና ጎሚኒ በጣት ንቅንቅ አይልም። ለካ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ብራቾው ወደ ኋላ እየሸሸ የጎማውን አቅጣጫ ያስተዋል። አሞርዛተር የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል፤ ብራቾን ቦታው ላይ የሚይዘው ግን ጎሚኒ ነው።

በላስቲኩ ፈንታ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ላስገባ ብዬም አስቤ ነበር። መሪው ቶሎ እንዲታዘዝ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ግራሶው ሲያልቅም ይጮኻል። የዚች መኪና ውበቷ ልስላሴዋ ነው። ስለዚህ ላስቲኩን መረጥኩ።

አዲሱን ያሰርኩት መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። ስህተት ነበር። ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ብረቱን ጨብጦ ስለሚሠራ አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ቆማም እንኳ እንደተጠመዘዘ ይኖራል። በጥቂት ወራት ተቀደደ። ሁለተኛውን ጊዜ ዳዶውን ላላ አድርጌ አስገባሁና መሬት አወረድኳት። ሰው አስቀመጥኩባት፣ ወዘወዝኳት፣ ከዚያ አጠበቅኩ። እስካሁን ደህና ነው።

ሞላውን ግን ተጠንቀቁ። ታምቆ የተቀመጠ ኃይል ነው። ማመቂያ መሣሪያ ሳይታሰርበት ባል ጆይንቱን አትፍቱ። ሰው ይገድላል።

አንድ ሌላ ነገር። ከታችኛው ብራቾ ዘንግ ጀርባ ስስ ስስ የብረት ዝርግ ታገኛላችሁ። የጎማውን አቋም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከየቡሎኑ ስንት እንደወጣ ቆጥሬ በወረቀት ጽፌ፣ በሽቦ አስሬ አስቀመጥኳቸው። ያም ሆኖ መጨረሻ ላይ አላይመንት አሠራኋት፤ የጎማዎቹን አቋም በመሣሪያ ለክቶ ማስተካከል ነው።

ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ወጣሁ። መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዤ ፍሬን ረገጥኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። መልሼ ረገጥኩ፤ አሁንም ቀጥ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ «ጎበዝ!» አልኳት።

የላይኞቹ ባል ጆይንቶች ቀርተውኛል። እነሱን ስጨርስ እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።