ርካሽ ባለመብራት ኪቦርድ ለዕለት ሥራ ይሆናል? ደሴ ላይ ሦስት ወር ሞከርነው

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ! እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ለብሷል። ብርዱ ለጉድ ነው። ቡናው ግን ቶና ላይ ደርሷል፣ ስለዚህ አብሽሩ፣ እንቀጥላለን።

እስቲ ይቺን ድምፅ ስሙልኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰማችሁ? ኪቦርድ ነው። ባለመብራት ጌሚንግ ኪቦርድ። እዚሁ ፒያሳ፣ ከሁለት ሺህ ብር በታች ነው የገዛሁት።

ስለዚህ ኪቦርድ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። «ጌም አልጫወትም፣ ግን መብራቱን ወደድኩት፣ ልግዛው?» እያላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ ጋ ይህን ኪቦርድ የሚገዛው ሰው ሁሉ ጌም ተጫዋች አይደለም። ተማሪው አሳይመንት ይጽፍበታል። ነጋዴው ሒሳብ ይመታበታል። ጸሐፊዋ ማመልከቻ ትጽፍበታለች። ስለዚህ የፈተንኩት በጌም አይደለም። በአማርኛ ነው የፈተንኩት።

ብቻዬንም አልፈተንኩትም። እህቴ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ነው የምትውለው። ኪቦርዱን ለእሷ ሰጠኋት። ሦስት ወር ሠራችበት። ማታ ማታ ደግሞ ልጇ ኳስ ይጫወትበታል። ከዚህ በላይ ፈተና የለም።

አዲስ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩ። ቤት ለእንግዳ ነው።

እሺ። አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ኪቦርድ ሁለት ዓይነት ነው። ሜምብሬን አለ፣ ሜካኒካል አለ። ልዩነቱን በብዙ ነገር ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ከማሲንቆና ከክራር የተሻለ ግን አላገኘሁም።

ማሲንቆን አስቡት። ስንት ክር አለው? አንድ። የፈረስ ጭራ ነው። ሣጥኑ በቆዳ ተወጥሯል፣ መምቻ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። አዝማሪው በዚያች በአንዷ ክር አራቱንም ቅኝት ያወጣል። ትዝታ ቢሉት ትዝታ። ባቲ ቢሉት ባቲ። አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ውስጥ ባቲና አምባሰል የእኛው የወሎ አገሮች ስም ናቸው፣ ይቺን ሳልናገር አላልፍም። እንግዲህ ክሯ አንድ ናት። እሷ ከተበጠሰች ጨዋታው ቆመ።

ክራርስ? ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ነው የሚቃኘው። አንዱ ቢላላ እሱን ብቻ ታጠብቃላችሁ። አንዱ ቢበጠስ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ሌሎቹ በቦታቸው ናቸው።

በቃ! ሜምብሬን ኪቦርድ ማሲንቆ ነው። ከቁልፎቹ ሁሉ ሥር የተነጠፈው አንድ ገበታ ነው። ስስ ፕላስቲክ በስስ ፕላስቲክ ላይ ተነባብሮ፣ ከላዩ ትንንሽ የላስቲክ ኩባያዎች ተደፍተውበታል። ቁልፉን ስትጫኑ ኩባያው ይጎብጣል፣ ፕላስቲኮቹ ይነካካሉ፣ ፊደሉ ይወጣል። ሜካኒካል ደግሞ ክራር ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ፣ የራሱ ማገናኛ አለው።

ይህን ለምን አስረዘምኩት? በሻይ ምክንያት ነው። የእህቴ የድሮ ኪቦርድ ሜምብሬን ነበር። አንድ ቀን ስኳር የበዛበት ሻይ ተደፋበት። ገልብጣ አራገፈችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከላይ ደረቀ። ሻዩ ግን በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ገብቶ ነበር። በማግስቱ መሐል ያለው መስመር ግማሹ ሞተ። አንድ ቁልፍ ለይታ ልታሠራ አትችልም፣ ገበታው አንድ ነዋ! ማሲንቆው ዝም አለ። ሜካኒካል ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ ቁልፉ ተነቅሎ የሚተካ ዓይነት ከሆነ፣ የተበላሸውን ብቻ ነቅሎ በሌላ መተካት ነበር።

ማሲንቆን ግን እንዳትንቁብኝ። ጥሩ እጅ ላይ ሲወድቅ ማሲንቆ ያስለቅሳል። ሜምብሬንም እንደዚያው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ድምፁም ለስለስ ይላል፣ ሌሊት ብትጽፉበት ቤተሰብ አይቀሰቅስም። አንድ ክፍል ውስጥ ከታናሽ ወንድምና እህት ጋር ለሚተኛ ተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የእኔ የትኛው ነው? ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሜካኒካል ፊሊንግ» ይላል። «ፊሊንግ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሜካኒካል ነው አላለም፣ ስሜቱ አለው ነው ያለው። ውስጡ ላስቲክ ነው። በዚህ ነገር በጣም ነው የሚከፋኝ። ሰው የክራር ዋጋ ከፍሎ ማሲንቆ ይዞ ይገባል። መለያውን ልስጣችሁ። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አስሰኩት። አንዷን ቁልፍ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። ፊደሉ ቁልፉ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ከወጣ ሜካኒካል ነው። መደበኛው የሜካኒካል ቁልፍ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉን የሚያወጣው ግን 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጣታችሁ መጨረሻው ድረስ ካልወረደ ፊደሉ የማይወጣ ከሆነ ላስቲክ ነው። ሻጩ ምንም ቢል ላስቲክ ነው።

ቴክኒካሉን በፍጥነት ልለፈው። «አንቲ ጎስቲንግ 26 ኪይ» የሚለው ምንድን ነው? ኪቦርዱ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ መስመሮች እንደ መረብ አግድምና ቁልቁል ስለሚሄዱ፣ የተወሰኑ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ያልተጫነ አራተኛ ሊወጣ ይችላል። ይህ እንዳይሆን የተጠበቁት ቁልፎች 26 ናቸው ማለት ነው። ሁሉም አይደሉም። ጌም ላይ የሚሠሩት፣ እነ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ አካባቢ ያሉት ናቸው። የእህቴ ልጅ ሦስት አራት ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ ተጫውቶበታል፣ አላስቸገረውም። ፖሊንግ ሬት ደግሞ ኮምፒውተሩ ኪቦርዱን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ነው፤ 125 ኸርዝ ማለት በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ 1000 ኸርዝ ማለት በየ1 ሚሊሰከንዱ ያነባል ማለት ነው። ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ምንም ነው። አለፍኩት።

ቆይ፣ ቆይ። አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልመልስ መቀጠል አልችልም። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ወዳጃችን «የኪቦርዱ መብራት የላፕቶፑን ባትሪ ይጨርሳል፣ ላፕቶፑንም ያቃጥላል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ብዙ ሰው «እውነት ነው» አለ። አንዷ እህታችን እንዲያውም ኪቦርዱን ገዝታ፣ ፈርታ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ያሳዝናል። እስቲ አብረን እናስላው።

ኪቦርዳችሁን ገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። የእኔ ላይ 5 ቮልት፣ 200 ሚሊአምፔር ይላል። ስታባዙት 1 ዋት ነው። መብራቱም፣ ሌላውም፣ ሁሉም ተደምሮ ቢበዛ 1 ዋት። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ደግሞ እስከ 500 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ኪቦርዱ የሚወስደው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ያቃጥላል» የሚለው አይሆንም። በደህና የተሠራ ላፕቶፕ በኪቦርድ መብራት አይቃጠልም።

«ባትሪ ይጨርሳል» የሚለውስ? እዚህ ላይ ወዳጃችን ግማሽ እውነት አለው። ባትሪያችሁ 40 ዋት ሰዓት ነው እንበል። ላፕቶፑ ደግሞ 8 ዋት ይበላል እንበል። 40 ለ8 ሲካፈል 5 ሰዓት። አሁን ኪቦርዱን ጨምሩ፣ 9 ዋት ሆነ። 40 ለ9 ሲካፈል 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሲበዛ ሲበዛ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደባችሁ። መብራት ሄዶ፣ አሳይመንቱ ነገ ጠዋት የሚገባ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የኪቦርዱን ብርሃን ዝቅ አድርጉት። ብዙ ርካሽ ኪቦርዶች ላይ «ስክሮል ሎክ» የምትለዋ ቁልፍ ናት የምታጠፋው። ጠቅ። አለቀ። እህታችን፣ ኪቦርድሽን ከካርቶን አውጪው።

ወደ አማርኛችን እንመለስ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

ፊደላችን 33 በ7 ነው። 231 ይሆናል፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሙሉው ኪቦርድ ደግሞ 104 አካባቢ ቁልፍ ነው ያለው። ስለዚህ እንደ ኪይማን ባሉ በድምፅ በሚያስጽፉ ሶፍትዌሮች፣ ማለትም የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል በሚያስመቱ፣ ተነባቢውን፣ ከዚያ አናባቢውን እንመታለን። ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ሦስት ፊደል፣ አምስት ምት። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? አናባቢዎቹ ቁልፎች ዕረፍት የላቸውም። ኤ፣ ኢ፣ ዩ፣ አይ፣ ኦ፣ ጠዋት ማታ እነሱ ናቸው የሚመቱት። ሽፍትም እንደዚያው። ጠ፣ ጨ፣ ኘ ሁሉ ሽፍት ይፈልጋሉ። ግምገማ ላይ ጌም ተጫዋቾች ስለ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ያወራሉ። እኛ ማየት ያለብን አናባቢዎቹን ነው።

ይኸው፣ ካሜራውን ላስጠጋው። ይህቺ ኤ ናት። ከሦስት ወር በኋላ። አያችሁ ጠርዟን? ፊደሉ ዙሪያ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብርሃኑ እንደ ቀለበት ይወጣል። ለምን መሰላችሁ? ቁልፉ የተሠራው ከሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ጥቁር ይቀባል፣ ፊደሉ በሌዘር ይቃጠላል። የጣት ላብና የጥፍር ጭረት ቀለሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሁለት ፕላስቲክ ተዋሕዶ የሚሠራ አለ፣ «ደብል ሾት» ይሉታል፣ እሱ ፊደሉ ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይለቅም። ገንዘብ መጨመር ከቻላችሁ ለመብራት ቀለም ሳይሆን ለዚህ ጨምሩ። ቀለሙ ሲያምር አንድ ሳምንት ነው፣ ፊደሉ ግን የዕለት እንጀራ ነው።

ስለ ስቲከርም አንድ ነገር ልበል። የአማርኛ ፊደል ስቲከር ቁልፉ ላይ የምትለጥፉ አላችሁ። ወፍራሙ ስቲከር ብርሃኑን ይዘጋዋል። ለመብራቱ ከፍላችሁ መብራቱን ሸፈናችሁት ማለት ነው። የግድ ከሆነ ብርሃን አሳላፊውን ፈልጉ። ካልሆነ በድምፅ መጻፍ ልመዱ፣ በሁለት ሳምንት ጣታችሁ ይለምዳል።

ሌላው፣ በመጀመሪያው ሳምንት እህቴ ደወለች። «ና ይህን ዕቃህን ውሰድ፣ ተበላሽቷል» አለችኝ። ደብሊው ስትነካ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ምልክት ወደ ላይ ይሄዳል። ሮጬ ሄድኩ። አልተበላሸም! ብዙ ጌሚንግ ኪቦርዶች ላይ ኤፍኤን (Fn) የምትለዋን ቁልፍ ይዛችሁ ደብሊውን ከነካችሁ ቀስቶቹና እነ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሳታውቀው ነክታዋለች። እንደገና ሁለቱን ነካናቸው፣ ተስተካከለ። የዊንዶውስ ቁልፍም አልሠራ ካላችሁ ኤፍኤንን ይዛችሁ እሷን ንኩ፣ ተቆልፋ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ኪቦርድ ጥገና ቤት ወስዶ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ልግዛው ላላችሁኝ፦ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ማታ የምትጽፉ ከሆነ፣ ግዙት። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲጨልም ፊደሉን ማየት ትልቅ እረፍት ነው። እንደ እህቴ ቀኑን ሙሉ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ታገሡ፣ ትንሽ አጠራቅማችሁ እውነተኛ ሜካኒካል ግዙ። ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ፣ በስተቀኝ ቁጥሮቹ ያሉበትን ሙሉውን ውሰዱ፣ ትንሹ ቆንጆ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

እህቴን ትናንት ጠየቅኳት። «ልውሰደው ወይስ?» አልኳት። ማመልከቻ የሚያስጽፉ አባት አጠገቧ ቆመዋል፣ ብርሃኑን ትክ ብለው እያዩ። «ተወው የኔ ልጅ» አሉኝ እሷን ቀድመው፣ «ይህ ነገር ደስ ይላል፣ ስሜን ስትጽፈው ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።» እሷም ከኪቦርዱ ቀና ሳትል ሳቀች። አልወሰድኩትም።

በሚቀጥለው ቪዲዮ በዚያው ዋጋ የገዛሁትን ማውስ ይዤ እመጣለሁ። ጥያቄያችሁን ከሥር ጻፉልኝ። ደህና ሁኑ!