ፒ53 እና ትንንሾቹ ታዛዦቹ

ጌትነት፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከባሕር ዳር ነን። የዛሬው ጨዋታችን ዕጢ ገቺ ጂኖች በካንሰር ሴል ውስጥ ማይክሮአርኤንኤን፣ ማለትም ሌሎች ጂኖችን የሚቆጣጠሩትን ትንንሽ አርኤንኤዎች፣ እንዴት እንደሚያዝዙ ነው። እስከዳር፣ ጀምሪ።

እስከዳር፦ እጀምራለሁ፤ ግን መጀመሪያ ደንበጫ ደርሰን እንምጣ።

ጌትነት፦ (እየሳቀ) መጣች ደንበጫ!

እስከዳር፦ ስማኝ እንጅ! በልጅነታችን በቆሎው እሸት ሲይዝ ታላቅ ወንድሜ ማማ ላይ ይወጣል። እሱ አይወርድም፤ ሥራው ማየትና መጣራት ነው። «በወንዙ በኩል!» ሲል እኛ ትንንሾቹ ወንጭፋችንን ይዘን እንበራለን።

ጌትነት፦ አንቺም ትወነጭፊ ነበር?

እስከዳር፦ ምን ማለትህ ነው? የኔ ድንጋይ ነበር ከሁሉም የሚርቀው! አንድ ቀን አውራው ዝንጀሮ ጥርሱን አግጦ አልሄድም አለ። ሌሎቹ ሲሸሹ እኔ ቆሜ ወነጨፍኩ።

ጌትነት፦ መታሽው?

እስከዳር፦ ጆሮው ሥር! እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችው። እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ጌትነት፦ እሺ ጀግናዬ፣ ዝንጀሮውን ከካንሰር ምን አገናኘው?

እስከዳር፦ በል ፒ53 የሚባለውን ዕጢ ገቺ ማማው ላይ አስቀምጠው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ይነቃል። ሥራውን ሁሉ ግን ራሱ ወርዶ አይሠራም። ሚር-34 የሚባሉትን የማይክሮአርኤንኤ ጂኖች ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ ቡድኖች ናቸው ይኼን ያሳዩት። ሚር-34 ርዝመቱ 22 ፊደል ገደማ ነው፣ ፕሮቲን አይሠራም። ግን የጂኑን ትእዛዝ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ይለጠፍና ፕሮቲኑ እንዳይመረት ያደርጋል። ሴሉን ወደ መከፋፈል የሚገፉትን ሲዲኬ4ን እና ሲዲኬ6ን፣ ሴሉ እንዳይሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል2ን ይጫናቸዋል።

ጌትነት፦ አንድ ትንሽ ነገር ይኼን ሁሉ?

እስከዳር፦ ይኼን ሁሉ! ደግሞ ሲርት1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ፒ53ን ያዳክመዋል። ሚር-34 ሲርት1ን ሲጫነው ፒ53 መልሶ ይበረታል። የላከው ልጅ ተመልሶ ላኪውን ያግዛል ማለት ነው! እኔ ይኼን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጌትነት፦ ካንሰሩስ ምን ያደርጋል?

እስከዳር፦ ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ፒ53ን ራሱን አበላሽተው ይገኛሉ። በሌሎቹ ደግሞ የሚር-34 ጂን ሜቲል በሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ተዘግቶ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ጠባቂው ቢጣራም የሚሮጥ የለም።

ጌትነት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የአይጦች ጥናትስ? የሚር-34 ቤተሰብ በሙሉ ከአይጦቹ ላይ ወጣ፤ ፒ53 ግን ሥራውን አላቆመም። ታዲያ ይኼን ያህል ማጋነን...

እስከዳር፦ ማጋነን አይደለም! ፒ53 በአንድ ረዳት ብቻ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደታየው፣ ድሮሻ የሚባለው ቆራጭ ኢንዛይም ሚር-16-1ን፣ ሚር-143ን እና ሚር-145ን የሚባሉ ሌሎች ማይክሮአርኤንኤዎችን አዘጋጅቶ እንዲያወጣም ያግዛል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።

ጌትነት፦ እሱማ የኔን ነጥብ ያጠናክራል። አንዱ ጠፍቶ ምንም ካልጎደለ...

እስከዳር፦ በአይጥ ፕሮስቴት ላይ ግን ሚር-34 እና ፒ53 አብረው ሲጠፉ ካንሰር መጣ። አብረው ነው ያልኩህ፤ አብረው!

ጌትነት፦ እሺ፣ ፕሮስቴቱን ልቀበልሽ። ሌላውን ግን አልተቀበልኩም።

እስከዳር፦ ቀስ በቀስ ትቀበላለህ።

ጌትነት፦ መድኃኒቱስ? ሚር-34ን አስመስሎ የተሠራው ኤምአርኤክስ34 እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ላይ መሞከር ተጀምሮ በ2016 ቆመ።

እስከዳር፦ በከባድ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ምላሽ ምክንያት ነው የቆመው፤ ያሳዝናል፣ ሕመምተኞች ተጎድተዋል። ግን ሞለኪውሉን በኬሚስትሪ አጠንክሮ በትክክል ወደ ዕጢው የማድረሱ ጥናት አልቆመም። እኔ ተስፋ አልቆርጥም።

ጌትነት፦ እኔ በሰው ላይ ሠርቶ ካላየሁ አላምንም። ድሮሻን ግን በቅጡ ሳንነካው ሰዓታችን አለቀ።

እስከዳር፦ ሳምንት እንመለስበታለን፤ ሌላውን ቆራጭ ኢንዛይም ዳይሰርንም ጨምረን።