በቤታቸው ለሚያስታምሙ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሊያደርገው ስለሚገባው ድጋፍ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና ወላጆች፤

በየክፍላችን ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በፊትና በኋላ የታመመ ወይም አካል ጉዳት ያለበት የቤተሰብ አባል የሚያስታምሙ ልጆች አሉ። መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣሉ፤ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያበላሉ፤ ሕመምተኛው ሌሊት ሲጣራ የሚነሡትም እነርሱ ናቸው። ልጅ ቤተሰቡን ማገዙ የሚደገፍ እንጂ የሚወቀስ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ የሚተካው ሰው ስለሌለ በየዕለቱ ከትምህርቱና ከሕመምተኛው አንዱን እንዲመርጥ የሚገደደው ልጅ ነው።

ትምህርት ቤት እነዚህን ልጆች የሚያውቃቸው በአብዛኛው በጥፋታቸው ነው። የስም መቆጣጠሪያው ማርፈዳቸውን ይመዘግባል፤ ያረፈዱበትን ምክንያት ግን አይመዘግብም። ልጆቹም አይናገሩም። አንዳንዱ ከወላጁ እንዳይለዩት ይፈራል፤ ሌላው፣ በተለይ ሕመሙ የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ሲሆን፣ የሰው አፍ ይፈራል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ደግሞ ልጅ ሁሉ እንዲሁ የሚኖር ስለሚመስለው የሚናገረው ነገር መኖሩንም አያስብም።

የዝምታውን ስፋት ከእንግሊዝ አኃዝ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል 120,000 ያህሉ ሰው እንደሚያስታምሙ ተመዝግቧል። በ2023 ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲመዘግቡ ሲጠየቁ ግን የተገኙት 39,000 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላስመዘገቡም። ይህ የሆነው የልጆቹ የድጋፍ ፍላጎት እንዲገመገም መብት የሚሰጥ ሕግ በ2014 ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። በእኔ ግምት ትምህርት ቤቶቹ የደበቁት ነገር የለም፤ አልጠየቁም እንጂ።

ስለዚህ ድጋፉ የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው። በምዝገባ ቅጽ ላይ «በቤት ውስጥ ተማሪው የሚያስታምመው ሰው አለ ወይ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም። ሕመም ግን የምዝገባ ወቅት ጠብቆ ስለማይመጣ፣ ደህና ይማር የነበረ ተማሪ ማርፈድና በክፍል ማንቀላፋት ሲጀምር ከቅጣቱ በፊት ለብቻው ተጠርቶ ሊጠየቅ ይገባል። መልሱን የሚሰማው አንድ የታወቀ መምህር ይሁን፤ ልጁ የቤቱን ችግር ለእያንዳንዱ መምህር እንዲደግም ማድረግ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። የቀሩት መምህራን ማወቅ ያለባቸው የቤት ሥራ ማስረከቢያው ቀን እንደሚራዘምለት እንጂ እናቱ ምን እንደታመመች አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ብዙም አይከብድም። በእረፍት ሰዓት ወደ ቤቱ እንዲደውል የተፈቀደለት ልጅ፣ የሕመምተኛውን ደህንነት ሰምቶ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ በተረጋጋ ልብ ይማራል። ከትምህርት በኋላ አስቀርቶ መቅጣት ለእንዲህ ያለው ተማሪ መቅረት አለበት፤ ቅጣቱ የሚያርፈው ቤት ውስጥ ሆኖ በሚጠብቀው ሕመምተኛ ላይ ነውና። ለወላጆች ስብሰባ መምጣት የማይችል ወላጅም ግድየለሽ ከመባሉ በፊት በስልክ ሊነጋገሩት ይገባል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ አዝነንለት ከፈተናና ከከባድ ትምህርት ነጻ ብናደርገው የነገ ዕድሉን እኛው እንዘጋበታለን። ጊዜው ይራዘምለት፤ የሚጠበቅበት ደረጃ ግን አይውረድ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 መንግሥታት ልጆች ትምህርታቸውን አዘውትረው እንዲከታተሉና እንዳያቋርጡ እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ የእረፍትንና የጨዋታን መብት ያረጋግጣል። ሁለተኛው ሲጠቀስ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። ይህን መብት ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያስከብረው አይችልም፤ ልጁ እንዲያርፍ እርሱን የሚተካ ሌላ ሰው ሕመምተኛውን ሊረዳ ይገባል። ኖርዌይና ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ለሕመምተኛ ወላጆች ልጆች የመረጃና የድጋፍ ፍላጎት ትኩረት እንዲሰጡ በሕግ ያስገደዱት የልጁ ችግር የሚጀምረው ከወላጁ ሕመም ስለሆነ ነው። የእኛም መምህራን ከጤና ባለሙያዎችና ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር፣ በቤተሰቡ ፈቃድ፣ መነጋገር መቻል አለባቸው።

ርዕሳነ መምህራንን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከመጪው ምዝገባ በፊት ጥያቄው በቅጹ ላይ ይግባ፤ መልሱን የሚቀበለው መምህርም ማን እንደሆነ ለተማሪዎች ሁሉ ይነገር።

አመሰግናለሁ።