ነዳጅ ስንል የትኛውን?

ሰላም፦ ከሱሉልታ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ቃላችን «ነዳጅ» ነው።

ዳዊት፦ ከሥሩ እንነሣ። ነደደ፣ ነዳጅ፤ የሚነድ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ከእንጦጦ የሚወርደው ባሕር ዛፍም ኩበቱም ነዳጅ ነው። አነጋገራችን ግን ነዳጅን ለማደያው ትቶ የጓዳውን ማገዶ አለው።

ሰላም፦ ማደያ ሄደው «ነዳጅ ሙላልኝ» ቢሉም አይበቃም። ባጃጁ ቤንዚን፣ አይሱዙው ናፍጣ ነው። ናፍጣ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ የሚጭነው ቦቴም እንዲሁ፣ በርሜል ማለት ነው።

ዳዊት፦ ናፍጣ መኪና ውስጥ ቤንዚን ከገባስ?

ሰላም፦ ሞተር ማስነሣት የለም! ቁልፉንም አለመክፈት፤ በብዙ መኪና ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ፓምፑ መሳብ ይጀምራል። ገፍቶ ዳር ማስያዝ፣ ታንኩን አራግፎ በንጹሕ ናፍጣ መሙላት። ሞተሩ ከተነሣ መስመሩም ይታጠባል፣ ፊልትሮውም ይቀየራል። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ቤንዚን ያንን ቅባት ያሳጣዋል፤ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ብናኙም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ እስከሚረጨው ኖዝል ድረስ ይሄዳል።

ዳዊት፦ የቤቱ ስሕተት ይብሳል። እኛ «ጋዝ» የምንለው ፈሳሹን፣ ላምባውን ነው። ቡታጋዝ ደግሞ በሲሊንደር የሚመጣው። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ላምባ ቀድቶ ምድጃ ላይ መጨመር ቤት ያቃጥላል። የላምባ ተን እሳት ለመያዝ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይም ይይዛል። ክብሪቱ ገና ሳይቀርብ ተኑ ቤቱን ሞልቶታል። ጀሪካን ይለይ፣ ይጻፍበት።

ሰላም፦ እኔን የሚይዘኝ ማገዶ ነው። ማገደ ማለት እሳት ውስጥ እንጨት እየከተቱ ማንደድ ነው። «ወጣቱን ጦርነት ውስጥ ማገዱት» ሲባል ቃሉ የሚያንገበግበው ለዚህ ነው፤ ሰውን ከጭራሮ ቆጥሮ መክተት።

ዳዊት፦ የማገድ ሙያው ምጣድ ሥር ይታያል። ለእንጀራ ቅጠልና ጭራሮ ነው የሚሻለው፤ ነበልባሉ ቶሎ ተነሥቶ ምጣዱን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ወፍራም ግንድ መሀል ከተከተተ መሀሉ ያርራል፣ ጠርዙ ሊጥ ይሆናል። እርጥብ ከሆነማ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል፣ የሚተርፈው ጭስ ነው። ኩበት ዝግ ብሎ ስለሚነድ ለባቄላ ንፍሮ ይሆናል።

ሰላም፦ ከሰሉን አንርሳ። ጭስ የለውም ተብሎ በር ተዘግቶ አይታደርበትም። የሚገድለው የከሰሉ መርዛማ አየር አይሸትም፣ አይታይም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ እንኳ ይወጣል። ከመተኛት በፊት ምድጃው ደጅ ይውጣ።