ፊት ለፊት ያመመው ትከሻ ከጀርባ ሲፈለግ

እሺ... ዛሬም ትከሻ ነው። ባለፈው ጨረስን ብለን ነበር፣ አልጨረስንም። እናንተ የኮዬ ፈጬ ሰዎች፣ ጄሪካን ይዛችሁ አራተኛ ፎቅ የምትወጡት፣ የቱ ጋ ነው ሲሏችሁ ሁላችሁም እጃችሁን የትከሻችሁ ፊት ላይ ነው የምታሳርፉት። ቅባቱም እዚያው፣ ማሸቱም እዚያው። ይሄ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል።

ብዙ ጊዜ እኮ የሚነሳው ከኋላ ነው። ብራኳው ላይ፣ ማለት ከትከሻ ኋላ ያለው ሰፊ አጥንት ላይ፣ በእጅ ሲዳሰስ ከሚገኘው አግድም አጥንት በታች፣ ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞር ጡንቻ አለ። እሱ ውስጥ ያለ ቋጠሮ ሕመሙን ወደ ፊት ይልከዋል፣ አንዳንዴም ወደ ክንድ ያወርደዋል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃኔት ትራቬል ሕመሙ ከየት ተነስቶ የት እንደሚወጣ በሥዕል ለይተው አሳይተዋል።

ቋጠሮው የሚገኝባትን ቅጽበት ቀስ ብለን እንያት። የቴኒስ ኳስ ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ እንዳይወድቅ ጫፉን ያዙ። ግድግዳ ተደገፉ፣ የሚያመውን ክንድ ደረታችሁ ላይ አሳርፉ። ኳሱን በብራኳውና በግድግዳው መካከል፣ ከአግድሙ አጥንት በታች አድርጉት፤ ወደሚያመው ጎን ትንሽ ዞር ብላችሁ አንከባሉት። ምንም የለም... ምንም የለም... ከዚያ አንዲት ነጥብ። የተጫናችሁት ከኋላ፣ ያመማችሁ ከፊት! ያው የምታውቁት ሕመም ራሱ። እዚያ ቁሙ። ሕመሙ ከ10 ላይ 5 ወይ 6 ይሁን፤ ትንፋሽ ካስያዘ በዝቷል። ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ ላላ እስኪል። ከዚያ ክንዱን እስከሚሄድበት ድረስ በዝግታ 3 ጊዜ አንቀሳቅሱ። በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ ይበቃል።

የወጌሻ እጅ የለመደ ሰው «ካላሳመመ አያድንም» ይላል። የሚያበላሸው እሱ ነው፤ ጡንቻው ይባስ ይኮማተራል፣ በማግስቱ ይበልዛል። ብብት ውስጥ አትግቡ፣ ነርቭና ደም ሥር አለ። እጅ ከደነዘዘ ወዲያው ልቀቁ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጄሪካኑስ? 20 ሊትር ማለት በአንድ ጎን 20 ኪሎ ነው። በሁለት ባለ 10 ቢከፈል... ግን ውኃው የሚመጣው ሌሊት፣ ሰውም ተኝቶ፣ ማን ያከፋፍላል፣ እንጃ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። የግራ ትከሻ ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ኳስ አይነካም፣ ሆስፒታል ነው። እኛ ደግሞ ሁሉንም «ብርድ ነው» እንላለን። ስኳር ያለበት ሰው ክንዱ ከነጭራሹ አልዞር ሲልም እንደዚያው። እሱ ቋጠሮ ሳይሆን የመገጣጠሚያው መድረቅ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ በኳስ... አይ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው...